ሩቅ ደመወዝ፣ ቅርብ ደመወዝ ወይስ የራስ ሥራ? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በጀሞ የጋራ መኖሪያ መንደሮች፣ እንዲሁም በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ኑሮውን የመሠረተ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ነዋሪ የሚለይበት ዋና ነገር ቤቱ ከሥራው መራቁ ነው። ስለ ገንዘብ ነጻነት የሚሰጡ ምክሮች ግን ይህን ርቀት ከቁጥር አያስገቡትም። ወጪን መቀነስ፣ መቆጠብና ተጨማሪ ሥራ መጀመር እንደሚገባ ይመክራሉ፤ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚመለስ ሰው ተጨማሪውን ሥራ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራው፣ ከልጆቹ ጋር መቼ እንደሚገናኝና መቼ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ግን አይናገሩም። ይህ መመሪያ በከተማዋ ዳርቻ ያለ ቤተሰብ በተግባር የሚገጥሙትን ምርጫዎች ጎን ለጎን ያቀርባል። ጸሐፊው የያዘው አቋምም ከመነሻው ግልጽ ሊሆን ይገባል፦ ለዳርቻ ነዋሪ ወርኃዊ ገቢ ብቻውን የሚያሳስት መለኪያ ነው። ምርጫዎቹ መወዳደር ያለባቸው በእጅ በሚቀረው ገንዘብና ያንን ለማግኘት ከቤት በሚወጣው ሰዓት ነው።

በምን እንለካ?

የገንዘብ ነጻነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት ከአሜሪካ የመጣ ነው። ዊሊያም ቤንገን የተባለው አሜሪካዊ የፋይናንስ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ላይ የዋለ ጥሪት ያለው ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት ከጥሪቱ 4 ከመቶ ያህሉን ቢያወጣ፣ ከዚያም በኋላ ወጪውን ከዋጋ ንረቱ ጋር እያስተካከለ ቢቀጥል፣ ገንዘቡ ቢያንስ ሠላሳ ዓመት ሊቆይለት እንደሚችል አሳየ። የዓመት ወጪን ሃያ አምስት እጥፍ ማጠራቀም ይገባል የሚለው ምክር የተወለደው ከዚህ ነው። በወር 18,000 ብር የሚያወጣ ቤተሰብ የዓመት ወጪው 216,000 ብር ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት 5,400,000 ብር ሊያጠራቅም ነው።

ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ። ስሌቱ የቆመው ከዋጋ ንረት በላይ ሲያድግ በኖረ የአክሲዮን ገበያ ላይ ነው። በእኛ አገር ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለረዥም ጊዜ የቆየው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ በደብተር ላይ እየጨመረ የመግዛት አቅሙ ግን ይወርዳል። ስለዚህ ሃያ አምስት እጥፍን ግብ አድርጎ መነሣት ቤተሰቡን ተስፋ ከማስቆረጥ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ለዳርቻው ቤተሰብ የሚሻለው ሁለት ጥያቄዎችን መያዝ ነው። የመጀመሪያው፣ ዛሬ ገቢው ቢቋረጥ ቤቱ ለስንት ወር ሳይበደርና ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሳያስወጣ ይቆማል የሚለው ነው። 18,000 ብር ለሚያወጣው ቤት 54,000 ብር ሦስት ወር ማለት ነው፤ ሦስት ወር ያለው ሰው ክብሩን ከሚነካ አሠሪ ጋር ለመቆየት አይገደድም፣ ሕመም ሲመጣም ንብረቱን በርካሽ አይሸጥም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ለሥራ ተብሎ ከቤት ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ሰዓት በእጅ የሚቀረው ስንት ነው የሚል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች የተወሰዱት ለስሌት እንዲመቹ ነውና አንባቢ የራሱን ቁጥር እያስገባ ሊሠራቸው ይገባል።

ሩቁ ደመወዝና ቅርቡ ደመወዝ

ቤቷ ቦሌ አራብሳ፣ መሥሪያ ቤቷ ፒያሳ የሆነች፣ ያልተጣራ የወር ደመወዟ 20,000 ብር የሆነ አንዲት ሠራተኛ እናስብ። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከቅጥር ከሚገኝ የወር ገቢ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ከግብር ነጻ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በየደረጃው እያሳደገ፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 ከመቶ ያስከፍላል። በዚህ መሠረት የሠራተኛዋ ግብር 4,950 ብር ነው። 7 ከመቶ የሆነው የጡረታ መዋጮዋ 1,400 ብር ሲቀነስ 13,650 ብር ይቀራታል። ለትራንስፖርት በቀን 100 ብር፣ ለምሳ 150 ብር ብታወጣ፣ በሃያ ሁለት የሥራ ቀናት 5,500 ብር ይሄዳል፤ የሚተርፈው 8,150 ብር ነው። ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም እንዲሁ ከፈጀባት፣ ከስምንቱ የሥራ ሰዓት ጋር በቀን አሥራ አንድ፣ በወር 242 ሰዓት ከቤቷ ውጭ ናት። እያንዳንዱ ሰዓት የሚያስቀርላት 34 ብር ያህል ብቻ ነው።

ይኸው ሙያ በሰፈሯ አቅራቢያ በ16,000 ብር ቢገኝስ? አራት ሺህ ብር መቀነሱ ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ተጨማሪው ደመወዝ ከፍተኛው የግብር ደረጃ ያረፈበት ስለነበር፣ ልዩነቱ ከግብርና ከጡረታ በኋላ 2,320 ብር ብቻ ነው። ከ16,000 ብር ላይ ግብር 3,550፣ ጡረታ 1,120 ብር ተቀንሶ 11,330 ብር ይቀራል። በሃያ ደቂቃ የሚደረስበት ሥራ የቀን ትራንስፖርቱ 20 ብር ቢሆንና ምሳዋን ከቤቷ ቋጥራ ብትሄድ፣ የሚተርፋት 10,890 ብር ነው፤ ከቤት የምትርቀውም 191 ሰዓት ያህል። አነስተኛው ደመወዝ በወር 2,740 ብርና ሃምሳ አንድ ሰዓት ያህል ጨምሮ ሰጣት ማለት ነው።

ለሩቁ ሥራ ፍርድ እንዳናጓድል፣ እዚያም ምሳ ቋጥሮ መሄድ እንደሚቻል መጥቀስ ያስፈልጋል። የምሳው 3,300 ብር ከዳነ ሩቁ ሥራ 11,450 ብር ያስተርፋል፤ ከቅርቡ የሚበልጠው በ560 ብር ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሃምሳ አንድ ሰዓትን በ560 ብር መሸጥ ይገባል ወይ የሚል ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ካለው ስሌቱ ወደ ሩቁ ሥራ ያጋድላል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ በሚዘረጋው መስመር አጠገብ ለሚኖር ሰው ወጪውን ይቀንሳል፤ ከመስመሩ ርቀው ላሉት መንደሮች ግን መጀመሪያ ታክሲ ወይም ባጃጅ መያዝ ግድ ስለሚሆን ጥቅሙ ያንሳል።

ቅርብ ሥራ አይገኝም የሚለው መልስ አስቀድሞ ሊሰጥ አይገባም። የቦሌ ለሚና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ በዱከም ያለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን፣ በየመንደሩ የተከፈቱ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የባንክ ቅርንጫፎች የሒሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ መምህር፣ ገንዘብ ከፋይ፣ የጥገና ባለሙያ ይቀጥራሉ። ብዙ ቅርንጫፍ ባለው ድርጅት ውስጥ ላለ ሠራተኛ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ዝውውር መጠየቅ ነው። ሥራ ከመቀየር ያነሰ ስጋት ያለው፣ የአገልግሎት ዘመንንም የማያቋርጥ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መሞከር ያለበት እርምጃ ይህ ነው ብሎ ጸሐፊው ያምናል።

ደመወዝ፣ ሩቅም ሆነ ቅርብ፣ በወር መጨረሻ በማይታይ መልኩ የሚሰጠው ነገር አለ። በግል ድርጅት አሠሪው ለጡረታ 11 ከመቶ ይጨምራል፤ ለ20,000 ብር ደመወዝ ይህ በየወሩ 2,200 ብር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ ግን ያሳዝናል። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለ። የራስ ሥራ ለመጀመር ሲታሰብ እነዚህ ሁሉ በብር ተተምነው ከደመወዙ ጋር ሊደመሩ ይገባል፤ በአብዛኛው የሚረሱትም እነዚሁ ናቸው።

በሰፈር የራስ ሥራ

የራስ ሥራ የሚስብበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትራንስፖርት የለም፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀበለው ሰው አለ፣ አለቃም የለም። ይሁን እንጂ በዳርቻው መንደሮች በብዛት የሚጀመሩት ሥራዎች አንድ ዓይነት አይደሉምና በአንድ ላይ ሊመዘኑ አይችሉም። ሸቀጥ ገዝቶ መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ሙያ መኖር ሌላ ነው።

ኪራይ ከፍሎ የተከፈተ አነስተኛ የሸቀጥ ሱቅ በቀን 4,000 ብር ቢሸጥና ከዚያ ላይ አሥር ከመቶ ቢያተርፍ፣ የቀን ትርፉ 400 ብር፣ በሃያ ስድስት ቀን 10,400 ብር ነው። ከዚህ ላይ 5,000 ብር ኪራይ ሲወጣ 5,400 ብር ይቀራል። ሱቁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ከሆነ በወር 364 ሰዓት ይጠይቃል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 15 ብር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ይህ እንግዲህ ዱቤው ሁሉ ተከፍሎ፣ ምንም ሸቀጥ ሳይበላሽና ግብር ሳይታሰብ ነው። ባለሱቁ በየቀኑ ብር እየነካ ስለሚውል ያተረፈ ይመስለዋል፤ ከመሳቢያው ለዳቦና ለሽንኩርት የሚወጣው ስለማይጻፍ ዋናው ገንዘብ እያለቀ መሆኑን የሚያውቀው ሸቀጥ ለማምጣት መርካቶ በሚሄድበት ቀን ነው። ልጁም ቢሆን ከወላጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይዋል እንጂ፣ ወላጁ ዓይኑም ጆሮውም ደንበኛው ላይ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራ የእጅ ሙያ፣ ማለትም ልብስ ስፌት፣ እንጀራ ጋግሮ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ማስረከብ፣ የሴቶች ፀጉር ሥራ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና፣ ሒሳብ መሥራት ወይም የክፍል ትምህርት ማስጠናት፣ ኪራይ ስለማይከፈልበትና የሚሸጠው በዋናነት ሙያ ስለሆነ ለአንድ ሰዓት የሚያስቀረው ከዚህ በጣም ሊሻል ይችላል። አዳዲሶቹ መንደሮች ለጥገና ባለሙያ ምቹ ናቸው፤ ቤቶቹ ሲተላለፉ የማጠናቀቂያ ሥራው ለነዋሪው ስለሚተው፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ በር የሚገጥም፣ ቀለም የሚቀባ ሰው ለዓመታት ሥራ አያጣም። እንጀራ ጋጋሪዋ ደግሞ በመብራት መቆራረጥና በውኃ ፈረቃ እጅ ላይ ናት። ሁለተኛ ምጣድ ከመግዛቷ በፊት የውኃ ማጠራቀሚያ መግዛቷ ይሻላል፤ መብራት በማይጠፋበት የሌሊት ሰዓት መጋገር ከጀመረች ግን እንቅልፏንም የወጪው አካል አድርጋ ልትቆጥረው ይገባል።

በጾም የሚቀዘቅዙና በበዓል የሚሞቁ ሥራዎች ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሚነግድ ሰው ሃምሳ አምስቱን የዓቢይ ጾም ቀናት የሚሻገርበት ስንቅ ከሌለው፣ ለፋሲካ ገበያ የሚሆነውን ዕቃ በብድር ሊያመጣ ይገደዳልና የበዓሉን ትርፍ አበዳሪው ይወስደዋል።

ንግድ ፈቃድንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ይበቃል። ዳርቻው የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ አስተዳደሮች የሚገናኙበት በመሆኑ፣ ኪራይ ከመዋዋል በፊት ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ በወረዳው ቀርቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ግብሩም የሚከተለው ይህንኑ ነው።

አንዱ ደመወዝ ይዞ ሌላው ሲጀምር

ሁለቱም ወላጆች ባሉበት ቤት፣ አንዱ ደመወዙን ይዞ ሌላው በሰፈር ሥራ መጀመሩ ከሁሉ የተሻለ ሚዛን እንደሚሰጥ ጸሐፊው ያምናል። ደመወዙ የቤት ኪራይን፣ የትምህርት ቤት ክፍያንና ምግብን ይሸፍናል፤ አዲሱ ሥራ ሥር እስኪሰድ ከትርፉ ለጓዳ አይጠየቅም። ብዙ ጥሩ ሥራዎች የሚወድቁት ትርፍ ስለሌላቸው ሳይሆን ገና በሁለተኛው ወር የመላውን ቤት ወጪ እንዲሸከሙ ስለሚደረግ ነው።

ይህ ሚዛን ግን የሚሠራው በሁለት ሁኔታዎች ነው። አንደኛ፣ በቤት የሚቀረው ማን እንደሆነ በልማድ ሳይሆን በስሌት ሊወሰን ይገባል። ባል ከሚስቱ ያነሰ ደመወዝ እያለው፣ ወይም በእጁ የሰፈር ገበያ የሚፈልገው ሙያ እያለ፣ እሷ ሥራ እንድትለቅ የሚደረግባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ በቤት ሆኖ የሚሠራው ሰው የሥራ ሰዓት እንዳለው የቤቱ ሰው ሁሉ ሊቀበል ይገባል። ስፌት የምትሠራ እናት ምሳ አብሳይ፣ ልጅ ጠባቂ፣ ታማሚ አስታማሚ፣ እንግዳ ተቀባይና የእድር ተላላኪ ሁና ትውልና፣ ምሽት ላይ «ይህ ሥራ አላዋጣም» ይባላል። ሥራው አይደለም ያላዋጣው፤ የሚሠራበት ሰዓት ነው ያልተሰጠው።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው፤ ደመወዝ የሚያመጣው ሰው «የእኔ ገንዘብ» የሚልበት መሠረት የለውም። በዚሁ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። በዳርቻው መንደሮች በእቁብና በብድር ማኅበራት ምክንያት ዋስትና የየዕለት ጉዳይ ስለሆነ፣ የትዳር አጋር ሳያውቅ የተፈረመ ዋስትና የስንቱን ቤት ሰላም እንደነሣ የሰፈር ሽማግሌዎች ያውቁታል።

ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህን ምርጫ አያገኝም። ለእሱ ወይም ለእሷ ቅርቡ ደመወዝ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሚጠይቅ የእጅ ሙያ ጋር፣ ከማንኛውም አማራጭ ይሻላል፤ ስንቅ ሳይኖር ከደመወዝ መውጣትን ጸሐፊው ለማንም ብቸኛ ወላጅ አይመክርም።

የተረፈውን የት እናስቀምጥ?

እቁብ በዳርቻው ከባንክ ይልቅ ቅርብ ነው፤ የሚሰበሰበው በአንድ ብሎክ ነዋሪዎች፣ በታክሲ ተራ ወይም በገበያ ነጋዴዎች መካከል ነው። ሃያ ሰዎች በወር 2,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 40,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ለሃያ ወር ወለድ የሌለው ብድር አገኘ፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ሲቆጥብ ቆይቶ፣ የልብስ ስፌት መኪናው ዋጋ ከጨመረ በኋላ ገንዘቡን ተቀበለ። ስለዚህ እቁብ ለሥራ መነሻ የሚሆን ዕቃ ለመግዛት ተስማሚ ሲሆን፣ ዕጣውን በስምምነት መቀያየር የሚፈቀድበትን መምረጥ ያዋጣል። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት መስከረም ለሁሉም እኩል ስለሚመጣ፣ በዚያ ወር ዕጣ የሚለምነው ብዙ ነው፤ ዳኛው በሐቅ የሚያዳርስና ከወሰዱ በኋላ መጣል የሚያቆሙትን በዋስ የሚያስይዝ ካልሆነ መግባት አይገባም። እቁብ ለድንገተኛ ችግር ግን አይሆንም፤ ሕመም የዕጣ ተራ አይጠብቅም።

ለድንገተኛ ችግር ቦታው ባንክ ነው። በየወሩ 1,000 ብር በ7 ከመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢቀመጥ 71,600 ብር ያህል ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ የወለዱ ድርሻ 11,600 ብር ነው። የዋጋ ንረት ይበላዋል፣ እውነት ነው፤ የሦስት ወሩ ስንቅ ግን የሚቀመጠው ሊያተርፍ ሳይሆን ሲፈለግ ሊገኝ ነው። ከሦስትና ከአራት ወር ወጪ በላይ የሆነውን በባንክ ማከማቸት ግን ለረዥም ጊዜ አይመከርም።

የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በሁለቱ መካከል ይቆማል። አባሉ እየቆጠበ፣ በቁጠባው ልክ የሚሰላ ብድር ይጠይቃል፤ መያዣ የሚሆን ቤት ለሌለው ቤተሰብ ይህ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል ነው። ከመግባት በፊት የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት ለአባላት መቅረቡን መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

አክሲዮን ለጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የሚሆን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አሥር ከመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተመረቀ። መንገዱ መከፈቱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ከአምስት ዓመት በፊት ሊያስፈልግ የሚችል ገንዘብ ለአክሲዮን አይሆንም።

ስለ መሬት ግን ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ከአርሶ አደር በመንደር ውል የሚገዛ ቦታ በዳርቻው የብዙ ሰው ተስፋ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል፤ በ2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕጋዊ አይደሉም የተባሉ በርካታ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የዓመታት ቁጠባቸው በቀናት ውስጥ ፍርስራሽ የሆነባቸው ቤተሰቦች ታይተዋል። ካርታ የሌለው ቦታ ርካሽ የሆነው ገዢው ይህን ስጋት አብሮ ስለሚገዛ ነው፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሊሸከመው የሚገባ ስጋት አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሰው ሰው ደግሞ ቤቱን ከመሸጥ ለአምስት ዓመት ስለሚታገድ፣ የባንክ ዕዳውን ወርኃዊ ክፍያ እንደ ቤት ኪራይ አድርጎ በወጪው ውስጥ ሊያስገባው እንጂ እንደ ጥሪት ሊቆጥረው አይገባም።

ራስን ማሳደግስ?

በዳርቻው ለሚኖር ሰው የትምህርት ትልቁ ክፍያ ምሽቱ ነው። መሀል ከተማ የማታ ክፍል ጨርሶ የሚወጣ ተማሪ ቤቱ የሚደርሰው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ በሳምንት አራት ቀን እንዲህ ከሆነ፣ ልጆቹ ነቅተው የሚያገኙት በቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሆናል። ይህን መሥዋዕትነት ለአራትና ለአምስት ዓመት መክፈል የሚገባው ዲግሪው የተወሰነ የሥራ መደብ የሚከፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶና በላይ ማምጣት ስለሚጠበቅበት፣ እየደከሙ ክፍል በመቀመጥ ብቻ የሚገኝ ዲግሪ የለም።

የርቀት ትምህርት ጉዞውን ያስቀራል፤ የሚፈልገው ግን በቤት ውስጥ በር የሚዘጋበት አንድ ሰዓት ነው፤ በስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ከሦስት ልጆች ጋር ይህ ቀላል አይደለም። በብዙዎች ዘንድ የሚሠራው ሰዓት ቤቱ ሳይነቃ ያለው ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊት ነው። ሙያ የሚፈልግ ሰው በአቅራቢያው ባለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎችን ቢያስቀድም ይመረጣል፤ ኮምፒውተር ወይም ጥሩ ስልክ ላለው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነጻ የሚሰጠው ሥልጠና በሚያመች ሰዓት የሚከታተሉት ነው።

በአንድ ቤት ሁለቱም ወላጆች በአንድ ጊዜ ባይማሩ ይሻላል። ተራ መግባት አንዱን ለሁለትና ለሦስት ዓመት ቢያስጠብቀውም፣ ልጆቹ ከሁለቱ አንዱን ምሽት ላይ ያገኛሉ። ተራው ሲደርስ ግን ቃሉ ሊጠበቅ ይገባል፤ መጀመሪያ የተማረው ሰው ደመወዙ ካደገ በኋላ የሁለተኛው ትምህርት የሚረሳባቸው ቤቶች ስላሉ፣ የትምህርት ክፍያው ከወዲሁ በስሙ ወይም በስሟ በተከፈተ ሒሳብ መቀመጥ ቢጀምር መልካም ነው።

ለማን የቱ?

ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ልጆች ያሏቸው፣ ሁለቱም መሀል ከተማ የሚሠሩና ሞግዚት የቀጠሩ ወላጆች መጀመሪያ ከሁለቱ የአንዱን ሥራ ወደ ቤታቸው ለማቅረብ ይጣሩ። የሞግዚት ደመወዝ፣ ምግቧና በየጊዜው ሌላ ሰው ለመፈለግ የሚጠፋው ቀን ሲደመር፣ ከሁለተኛው ሩቅ ደመወዝ የሚተርፈው ከሚገመተው በጣም ያንሳል። በእጃቸው ሙያ ያለ ግን ስንቅ የሌላቸው ሰዎች ደመወዛቸውን ሳይለቁ የቅዳሜ ከሰዓትን ለሙያው መድበው ስድስት ወር ይሞክሩ፤ በእነዚያ ወራት የተገኘው ትርፍ በሙሉ ወደ ሦስት ወሩ ስንቅ ይግባ። የሸቀጥ ሱቅ ለመክፈት ያሰቡ፣ ኪራይ የማይከፍሉበት ቦታ ከሌላቸው በስተቀር፣ ከመክፈታቸው በፊት ከላይ የተሠራውን የሰዓት ስሌት ለራሳቸው ደግመው ይሥሩት።

ተከራይ የሆነ ቤተሰብ ሥራውን ከማቅረብ ይልቅ ቤቱን ወደ ሥራው ማቅረብም ይችላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ ውሉ ተመዝግቦ ከሆነ ቤተሰቡ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ስሌቱን ሊያቅድ ይችላል። የኪራዩ ጭማሪ ከትራንስፖርቱና ከምሳው ቁጠባ ካልበለጠ መዛወሩ ያዋጣል፤ ከበለጠም ለሰዓቶቹ የተከፈለው ስንት እንደሆነ ተሰልቶ ሁለቱም ወላጆች ተነጋግረው ይወስኑ። የመጨረሻው ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የቤቱ ሰዓት በሙሉ ስለሚለወጥ፣ በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ስሌቱ ከመጀመሪያው እንደገና ሊሠራ ይገባዋል።